ቁጥሩን ረስቼዋለሁ ያለው ሰው

ይበልጣል የሐሳብ ሰው ነበር ይላሉ። አልነበረም። ይበልጣል የራዲዮ፣ የቴሌቪዥንና የሞባይል ጠጋኝ ነበር፤ በዚህ ሥራው ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሚስተካከለው እንዳልነበረ እኔም እመሰክራለሁ። ሐሳቡ ግን የእኔ ነበር።

ስለ ሙት እንዲህ የሚናገር ሰው በእኛ አገር ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ይባልልኝ።

የቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪኩን ያነበቡት የዕድራችን ሊቀ መንበር አቶ ምሕረቴ ናቸው። ትውልዱን፣ ትምህርቱንና ልጆቹን ዘርዝረው ሲያበቁ መነጽራቸውን አስተካከሉና «ወንድማችን ከእጅ ሙያው ይልቅ በአንደበቱ ይታወሳል» አሉ። ከዚያ አባባሎቹን ማንበብ ጀመሩ። «መነሻውን የማያውቅ እንግዳ ዕቃ ነው።» ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። «ጥላውን የሚመዝን ሰው ከፀሐይ ጋር አይጣላም።» ከኋላዬ የቆሙ ሽማግሌ «እውነት ነው» ብለው የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አነሡ። እኔም ፊቴን ሸፈንኩ፤ ምክንያታችን ግን ለየቅል ነበር። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛውንም የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ያውም አንዳች ትርጉም እንዳይኖረው ተጠንቅቄ።

ይህን መጻፍ ያስፈለገኝ ለኩራት ብቻ አይደለም። ለዓመታት ያጠራቀምኳቸው ወጎች በመጽሐፍ ሊወጡ ነው። መጽሐፉ ማርቆስ ሲደርስ የሚባለው ከአሁኑ ይሰማኛል፦ «መምህር እኮ የሟቹን ቃል ለቃቅሞ አሳተመ።» የሰረቀኝ በሕይወት ያለ ሰው ቢሆን እከራከረው ነበር። ከሙት ጋር ክርክር የለም፤ ፍርዱ ሁልጊዜ ለእሱ ነው።

የይበልጣል ሱቅ ከመናኸሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በአንዲት ልብስ ሰፊና በአንድ ፀጉር ቤት መካከል ተጣብቆ ነበር። ያመጣችሁለትን ዕቃ ሳያይ «ይሠራል» ይል ነበር። በጭስ የጠቆረ ራዲዮ ይሠራል። ገበያ ላይ በቅሎ የረገጠችው ሞባይል ይሠራል። ከፍቶ ካየው በኋላ እንደ ትኩስ ሾርባ እፍ ይልበታል፤ ከዚያ ጆሮው ላይ የሰካውን ካቻቪቴ ጠረጴዛው ላይ ይፈልጋል። ጎረቤቶቹ ጆሮውን እንዲያመለክቱት እየጠበቀ የሚያደርገው ይመስለኛል። ዕቃው ቢሠራም ባይሠራም ሰው ከዚያ ሱቅ ደስ ብሎት ነበር የሚወጣው።

እኔን የወሰደኝ ግን ጨዋታው አይደለም። በከተማው ውስጥ «ከጽሑፍ ምን ተረፈህ?» ብሎ ያልጠየቀኝ እሱ ብቻ ነበር። ስለምጽፈው ነገር ሳወራ መበየጃውን አስቀምጦ ያደምጠኝ ነበር። ያን ጊዜ ማድመጥ መስሎኝ ነበር።

የማስተምረው ከማርቆስ ወጣ ብላ ባለችው ይጁቤ ነው። ቤቴና ባለቤቴ ባንቻየሁ ማርቆስ ናቸው፤ ቅዳሜና እሁድ እመለሳለሁ። የምጽፍበት ኮምፒውተር ቤት የተቀመጠ፣ ትልቅ፣ ግራጫ፣ ሲሠራ የወፍጮ ዘመድ የሚመስል ነው። ላፕቶፕ ግዛ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ጭን ላይ ተቀምጦ የሚጻፍ ነገር ክብደት አይኖረውም ብዬ የማምን ሰው ስለሆንኩ አልገዛሁም። በስልኬ የኮምፒውተሩን ገጽ ከይጁቤ ሆኜ የማይበትና የምጽፍበት ፕሮግራም አለ፤ ችግሩ ኮምፒውተሩ በርቶ መገኘት አለበት። ሳምንቱን ሙሉ አብርቼው እንዳልሄድ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ጉልበቱን ሰብስቦ ነው የሚመጣው። ባንቻየሁ እንድታበራልኝ ብለምናት «እኔ የኮምፒውተር ዘበኛ አይደለሁም። ደግሞ ስነካው ይቆነጥጠኛል» አለችኝ። ሁለቱም እውነት ነበር።

ለይበልጣል ችግሩን መናገር ስጀምር ገና መሐል ሳልደርስ «ይሠራል» አለ።

በቀጣዩ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቴ መጣ። የያዘው ስክሪኑ ድርግም ብሎ የጠቆረ፣ ባለ ቁልፍ አሮጌ ሞባይል ነበር።

«ይኼ እኮ ስክሪን የለውም» አልኩት።

«ልታነብበት ነው?»

ስልኩን ከፈተና፣ ሲጠራ የምታንቀጠቅጠውን ትንሿን ሞተር ነቅሎ አወጣት። በእሷ ቦታ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ በየደ፤ ሽቦዎቹን ከሆነ የተጣለ ዕቃ ካወጣት ሪሌይ ጋር አገናኘ። ሪሌይ ኤሌክትሪክ ሲደርሳት ጠቅ ብላ ሌላ መስመር የምታገናኝ፣ የጣት ጥፍር የምታህል ማብሪያ ናት። ከዚያ የኮምፒውተሩን ጎን ፈታ፤ የማብሪያው ቁልፍ ሽቦ የሚሰካባቸውን ሁለት ቀጫጭን የብረት እሾሆች በካቻቪቴው ጫፍ አሳየኝ።

«ቁልፉን ስትጫን የምታደርገው እነዚህን ሁለቱን ለቅጽበት ማነካካት ብቻ ነው» አለ። «ሌላ ሥራ የለህም። አሁን ጣትህን ይጁቤ ድረስ እናስረዝመዋለን።»

እንዲህ መናገር ይችል ነበር። ስለ ዕቃ ሲሆን የራሱ አንደበት ነበረው። በኋላ የሆነው ሁሉ የበለጠ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠውና «ደውል» አለኝ። ደወልኩ። ሪሌይዋ ጠቅ አለች፤ ማራገቢያው ተነሣ፤ ገጹ በራ። ባንቻየሁ እንኳ ከጓዳ ወጥታ አየች። ልናጨበጭብ ስንል ስልኩ ሁለተኛ ጠራ፤ ጠቅ፤ ኮምፒውተሩ ጠፋ። ሲበራ የተነካ ቁልፍ ያጠፋል፤ ሲጠፋ የተነካ ያበራል።

ይበልጣል ጥቂት አሰበ። «አብዝቶ ጠርቶ ነው። አንዴ ብቻ አስጠራውና ዝጋው።»

«ሚስኮል ላድርግለት?»

«ሚስኮል ነው የሚገባው» አለና ሳቀ። «ኮምፒውተርህ አበሻ ሆነ።»

ተሳክቶልን ስንቀመጥ ግን ፊቱን አጠቆረና እንደ ንስሐ አባት ተናገረኝ። «ይህን ቁጥር ለማንም እንዳትሰጥ። የሚያውቁት አንተና እግዚአብሔር ብቻ ይሁኑ።»

«አንተስ?»

«እኔ ረስቼዋለሁ።»

ሲም ካርዱን ያወጣው እሱ ነበር። የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል በስልኬ ላይ ያስገባልኝም እሱ ነበር። ሁለታችንም ሳቅን። የድካሙን ልክፈል ስለው «በጓደኛ?» ብሎ ሊቆጣ ደረሰ። አንድ ሰው የጉልበቱን ዋጋ እንቢ ሲላችሁ በምን እንደሚያወራርደው ጠይቁት።

ለአንድ ዓመት ያህል ደስተኛ ነበርኩ። በዕረፍት ሰዓት ከመምህራን ክፍል ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ ሚስኮል አደርጋለሁ፤ ማርቆስ፣ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ማራገቢያው ይነሣል። ኔትወርኩ ከፈቀደ አንድ አንቀጽ እጽፋለሁ፤ ካልፈቀደ የትናንቱን አነብባለሁ። ደመና የጠቆረ እንደሆነ የይጁቤ ኔትወርክ ከዶሮ ቀድሞ ይተኛል።

አንድ ቅዳሜ አቶ ምሕረቴን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። በዚያ ሰሞን አንድ መጽሔት ላይ ስለ እንግዶች የጻፍኩት ወግ ወጥቶ ነበር።

«መምህር፣ አነበብኩልህ።»

«እንዴት አገኙት?»

«ጥሩ ነው። የይበልጣልን ስም ብትጠቅስ ግን ምን ነበረበት?»

«የይበልጣልን?»

«የእንግዳውን ነገር ነዋ። እሱ እኮ ክረምቱን ሙሉ ሲለው ነው የከረመው። ደግሞ እሱ ሲለው ያጥራል።»

እኔ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ «ሰው ቤት ሄዶ የሚነሣበትን ሰዓት የማያውቅ ሰው፣ ባለቤቶቹ የቱንም ያህል ቢያከብሩት፣ ውሎ አድሮ ከወንበሩና ከቁም ሣጥኑ ጋር የሚቆጠር ዕቃ ይሆናል።» ያጥራል መባሉ ከስርቆቱ ይልቅ አመመኝ።

በመጀመሪያ ራሴን አጽናናሁ። ሱቁ ውስጥ ሳወራ ነግሬው ይሆናል፣ እሱም ከእኔ መስማቱን ዘንግቶት ይሆናል አልኩ። በሳምንቱ ቅዳሜ ግን ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ፊቴ አረፋ ለብሶ፣ ለማንም ያልነገርኩትን፣ ለባንቻየሁ እንኳ ያላነበብኩትን ነገር ቆራጩ ለደንበኛው ሲያወራ ሰማሁ። ሰዎች ስለ ታማሚ ጤና ሳይሆን ስለ ሐኪሙ ስም ለምን እንደሚጠይቁ የጻፍኩትን ነበር። ገና አላለቀም። ኮምፒውተሩ ውስጥ በግማሽ ቀርቷል። ቆራጩም እግማሹ ላይ አቆመ።

የዚያኑ ዕለት ምሳ ቀርበን ሳለ ከጎን ክፍል ማራገቢያው ተነሣ።

ባንቻየሁን አየኋት፤ እሷ ጉርሻዋን አላቋረጠችም። «በራ» አለችኝ፣ ዝናብ መጣ እንደምትል።

«ማን አበራው?»

«አንተ ነሃ። ሁሌ አንተ አይደለህ?»

«እኔ እዚህ ነኝ እኮ፣ ባንቺ።»

አሁን ጉርሻዋን አስቀመጠች። ለካ እሷ ቤት በምትውልበት ቀን ሁሉ ሲበራ ትሰማ ነበር፤ እኔ ክፍል ውስጥ በማስተምርበት ሰዓትም፣ ሚኒባስ ላይ በምሆንበት ሰዓትም። «ሚኒባስ ላይም ይጽፋል፣ ምን ዓይነት ሰው ነው እል ነበር» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠበል ላስረጭበት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጠበል የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነው አልኳት።

ወዲያውኑ ሳጥኑን ከፈትኩ፤ የሪሌይዋን ሽቦ ከብረት እሾሆቹ ላይ ነቅዬ ኮምፒውተሩን አጠፋሁና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ሪሌይዋ ጠቅ አለች። ኮምፒውተሩ አልበራም። ደዋዩም ገጹ ስላልመጣለት ይመስላል እንደገና ደወለ፤ አሁን አልዘጋም፣ ዝም ብሎ አስጠራ። በዚያ ስልክ ላይ ማንም ተናግሮበት አያውቅም። አረንጓዴዋን ቁልፍ ተጫንኩ።

«ሄሎ።»

ትንፋሽ ይሰማል። ከትንፋሹ በስተኋላ የአንድ ደንበኛ ድምፅ መጣ፦ «ጋሽ ይበልጣል፣ የእኔ ቴሌቪዥንስ?» ከስልኩ ራቅ ብሎ የማውቀው ድምፅ «ይሠራል አልኩህ እኮ» አለና መስመሩ ተዘጋ።

ብልህ ሰው ይሄኔ ሄዶ ይጣላል። እኔ ግን ብዙ ያነበብኩ ሰው ነኝ፣ ሽቦውን መልሼ ሰካሁ። ከዚያ ተቀምጬ፣ ጥልቅ የሚመስል ነገር ግን ባዶ የሆነ ዓረፍተ ነገር ለማግኘት ሞከርኩ። ቁም ነገር ከመጻፍ የሚከብድ ነው። ጥላውን የሚመዝን ሰው ከፀሐይ ጋር አይጣላም። አዲስ ጽሑፍ ከፍቼ ከላይ አስቀመጥኩትና ወደ ይጁቤ ሄድኩ።

በተመለስኩበት ቅዳሜ ከተማው ይዞት ጠበቀኝ። ፀጉር ቆራጩ ነገረኝ፤ የጎረቤቴ ልጅ ነገረችኝ። የድምፅ ማጉያ ሊያስጠግኑ ከደብረ ወርቅ የመጡ አንድ መሪጌታ ደግሞ እዚያው ሱቅ በር ላይ ቆመው ጥላው ሥጋ ነው፣ ፀሐይዋ ደግሞ ፈጣሪ ናት ብለው ሰፋ አድርገው እንደተረጎሙት ሰማሁ። ጎጃም ውስጥ ባዶ ነገር መናገር አይቻልም፤ አንድ ሰው ውስጡን ሞልቶ ይመልስልሃል።

ያን ጊዜ ወደ ሱቁ ሄድኩ። አንድ የተከፈተ ራዲዮ ላይ እፍ ይል ነበር።

«ይበልጣል፣ ጥላ በምን ይመዘናል?»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ወደ ራዲዮው ተመለሰ። «አንተ የጻፍከውን እኔን ትጠይቀኛለህ?»

ይክዳል ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት። ለክህደቱ የሚሆን ንግግር ነበረኝ።

«ስንት ጊዜህ ነው?»

«የይለፍ ቃሉን ካስገባሁልህ ጀምሮ። ሥራ ሲቀዘቅዝ አነብባለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ትዘጋብኝ ነበራ።»

«እንደ ራስህ አድርገህ ነው የምታወራው። ሌባ ነህ።»

«ምን ጎደለብህ?» አለ፣ በእውነት እየጠየቀ። «ሂድ ክፈተው፣ ሁሉም አለ። አንድ ፊደል አልነካሁም።» ካቻቪቴውን ጠረጴዛው ላይ ፈለገ፤ ጆሮው ላይ እንደነበር አልነገርኩትም። «መጀመሪያ መጀመሪያ 'መምህር እንዲህ አለ' ብዬ ነበር የምጀምረው። ማንም አይሰማኝም። ሰው አይወድህም፣ መምህር። አንተ ስትለው የተሰደቡ ይመስላቸዋል። እኔ ስለው ይስቃሉ። ምን ላድርግ? ነገሩ ጥሩ ነው፣ ተቀምጦ ይበላሽ?»

«የእኔ ነው። ቢበላሽም የእኔ ነው።»

«እንግዲያው ሽቦውን ንቀለው» አለ። «ሁለት ሽቦ ነው።»

በዚያው ተለያየን። የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ፤ ሽቦውን ግን አልነቀልኩትም። ከዚያ በኋላ ደዋይ ኮምፒውተሩን ማብራትና ማጥፋት ይችል ይሆናል እንጂ ማንበብ አይችልም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ታመመ ሲባል ሰማሁ። በዚያ ሰሞን ቅዳሜና እሁድ ቤት ስውል ኮምፒውተሩ አንዳንዴ ራሱ ይበራ ነበር፤ ይበራና ማንም ሳይገባበት ይቆማል።

«ይበልጣል እየጠራህ ነው» አለችኝ ባንቻየሁ። በእኛ ዘንድ ምክንያት የሌለው ሚስኮል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ደውልልኝ ማለት ነው።

«ኮምፒውተሩን ነው የሚጠራው» አልኳት። አልደወልኩም። እሷ ሄዳ ጠየቀችው፤ ምን እንዳለ ስጠብቅ «ደህና ነህ ወይ አለኝ» ብቻ አለች። ከዚያ ሞተ፣ ከዚያ አቶ ምሕረቴ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

ጽሑፉ እዚህ ላይ ሊያልቅ ነበር። ባለፈው እሁድ ይህንኑ እየጻፍኩ፣ ከሙት ጋር ክርክር የለም ከሚለው ዝቅ ብዬ ሳለ፣ ሪሌይዋ ጠቅ አለችና ገጹ ጨለመብኝ። ያላስቀመጥኩት አንቀጽ ሁሉ አብሮ ሄደ። ሚስኮል የሚያደርግ ሰው የመጀመሪያው ካልደረሰ ብሎ ሁለተኛ እንደሚሞክር ስለማውቅ ሳጥኑን ከፍቼ ጠበቅሁ። ሲጠራ አነሣሁት።

«ሄሎ።»

«ውይ» አለች አንዲት ሴት። «ይነሣል እንዴ?»

«ማን ልበል?»

«ልብስ ሰፊዋ ነኝ፣ የጋሽ ይበልጣል የሱቅ ጎረቤት። መምህር ነዎት?»

«ይህን ቁጥር ማን ሰጠሽ?»

«እሳቸው ናቸዋ፣ ታመው ሳሉ። የእንግዳውን ነገር ሲሉ ሁሌ ያስቁኝ ነበር። አንድ ቀን 'የእኔ አይደለም፣ የመምህር ነው። ደስ ካለሽ በዚህ ሚስኮል አድርጊለት፣ ምስጋናሽ ይደርሰዋል' አሉኝ። ዛሬ የማይነሣ እንግዳ መጥቶብኝ ትዝ ቢለኝ ነው።»

«ቀብሩ ላይ ለምን አልተናገርሽም?»

«እኔ? አቶ ምሕረቴ እያነበቡ?»

«ቁጥሩን ለሌላ ሰውም ሰጥቷል?»

«ለጠየቃቸው ሁሉ ነው የሰጡት። ብዙ ሰው ይወድዎታል እኮ» አለችኝ።

መስመሩን ዘጋሁ። እንግዲህ ይበልጣል እውነቱን ተናግሯል፤ ለልብስ ሰፊዋ፣ ለሌሎችም፣ አንድ በአንድ፣ ጆሮ ላይ። ውሸቱ በድምፅ ማጉያ ተነበበ፣ እውነቱ በሹክሹክታ ቀረ። ያንን እውነት ለመናገርም ለማንም እንዳትሰጥ ያለኝን ቁጥር ለከተማው አደለው። ታሞ ሳለ ቅዳሜና እሁድ ይበራብኝ የነበረው በእሱ ጥሪ ይሁን በአመስጋኞቼ፣ አሁን አላውቅም። ጓደኛዬ በመጨረሻው ጠርቶኝ እንደሆነ እንኳ የማወቁን ነገር ወሰደብኝ።

ሽቦውን ለምን አትነቅለውም ትሉኛላችሁ። ስለሚሠራ ነው። በሕይወቴ ከተሠሩልኝ ነገሮች እንደ እሱ የሚሠራ የለኝም።

ስለዚህ እናንተ ቁጥሩ ያላችሁ ሰዎች፣ የጥላውን አባባል ውሰዱት፣ ለይበልጣል ይሁን። የእንግዳው የእኔ ነው፤ አጠገባችሁ ሰው ሲሳሳት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አርሙት። ቁጥሩን ግን ዛሬውኑ ከስልካችሁ አጥፉት። አታመስግኑኝ።